ባርኔጣ ቁመት አይደለም

ጥቅምት 4

ለሠዓሊዋ፤

ይህ የሥራ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ «እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ አልጀምርም። አንቺ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፤ ማናችንም ሌላውን አናየውም። ማረጋገጥ የማልችለውን ነገር እንደማልጽፍ ደግሞ ታውቂያለሽ።

የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። ጀርባው ላይ «አሁንም መጽሐፍ ይሠራሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎን፣ እሠራለሁ። አሳታሚው፣ ያ አንቺ ቸኩሌ ያልሽው ሰውዬ፣ ሰሞኑን እቤት ድረስ መጥቶ ስድስቱን የ«ይህም አለ» የልጆች መጻሕፍት በአንድ ትልቅ ጥራዝ ላሳትም አለኝ። በልጅነታቸው ያነበቧቸው ሰዎች ዛሬ ወላጅ ሆነው ለልጆቻቸው ይፈልጋሉ አለ። ችግሩ አንቺ የሣልሻቸው ሥዕሎች ናቸው። የመጋዘኑ ጣራ አፍስሶ ዋናዎቹ ሁሉ ውሃ ጠጥተዋል። ዝሆኑ ሻግቷል። ኦክቶፐሱ ከሰጎኑ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል።

«ሌላ ሠዓሊ ላምጣ» አለኝ።

«ሌላ ሠዓሊ ካመጣህ ሌላ እውነትም አብረህ አምጣ» አልሁት። ተናዶ ሄደ፤ በማግስቱ ተመልሶ አድራሻሽን ጠየቀኝ። እኔ ራሴ እጽፋለሁ አልሁት።

ደንቡ እንደ ድሮው ነው። እግር ሁሉ ተቆጥሮ ይሣላል። እንስሳ አይስቅም። ከእያንዳንዱ ትልቅ እንስሳ አጠገብ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ይቆማል፤ ልጆች የእንስሳውን ትልቅነት የሚለኩት በእርሱ ነውና። ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ቁመቱም የእኔ ነው። ባርኔጣው አይቆጠርም። ባርኔጣ ቁመት አይደለም።

ክፍያውን ከአሳታሚው ጋር ተነጋገሪ፤ እኔን አያገባኝም። ያ ሰውዬ ደህና ነው ወይ? ባልሽን ማለቴ ነው።

አዘጋጁ

---

ጥቅምት 21

ለአዘጋጁ፤

እኔም የሥራ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ግን «እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ» ብዬ ነው የምጀምረው። እርስዎ ያላረጋገጡትን አይጽፉም። እኔ ደግሞ ያላረጋገጥሁትን ነው የምጠይቀው።

እሺ፣ እሠራለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ፦ ኮሪደሩ። አሁንም ባዶ ነው? ዓሣ ነባሪውን የሣልንበት ቀን ትዝ ይልዎታል? ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግተን፣ እርስዎ ከጭራው እኔ ከራሱ ጀምረን በጉልበታችን እየዳህን መጣን። ሆዱ ላይ ስንገናኝ እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከማድ ቤት፣ «ኧረ ዓሣው ሁለታችሁንም ዋጣችሁ እንዴ? ምሳው ቀዘቀዘ!» አለች። እርስዎ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ሰው መዋጥ አይችልም፣ ጉሮሮው ጠባብ ነው» አሏት። እናቴም «የእርስዎ ጉሮሮ ግን ሰፊ ነው፤ ይምጡና ይብሉ» አለች።

ስለ እኔ ባይጠይቁም ደህና ነኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ብርሃንም አለው። እርሱም ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል።

በኦክቶፐሱና በሰጎኑ እጀምራለሁ። ባርኔጣው ያው ነው ወይስ ቀየሩት?

ሠዓሊዋ

---

ኅዳር 6

ለሠዓሊዋ፤

ባርኔጣው ያው ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ እንደተበላ ሣዪው።

ኦክቶፐሱ ደርሷል። እጆቹን ቆጠርሁ፤ ስምንት ናቸው። ሦስቱን ልቦች በሦስት ዓይነት ቀይ መቀባትሽ ጥሩ ነው፤ ልጅ አንዱን ከሌላው ይለያል። ሰጎኑ ግን ሊስቅ ነው። «ዓይኑ ከአንጎሉ ይበልጣል» ብዬ ጽፌልሽ አንቺ በዓይኑ ቀለድሽበት። ዓይኑን አስተካክይ። ሰጎን የሚያስቀው ነገር የለውም።

ከቸኩሌ ጋር ሌላ ጠብ ውስጥ ገባን። «ወርቃማዋ ዓሣ የምታስታውሰው ለሦስት ሰከንድ ብቻ ነው» የሚል ገጽ ይግባልኝ አለ። ውሸት ነው፣ ተፈትኗል፣ ዓሣዋ ለወራት ታስታውሳለች አልሁት።

«አባባ፣ ልጆቹ እኮ ይስቁ ነበር!»

«ውሸት የሚያስቃቸው ከሆነ አንተን እናሥልላቸው።»

ገጹ እንዲህ ብሎ ይገባል፦ «ብዙ ሰዎች ወርቃማ ዓሣ ትረሳለች ይላሉ። አትረሳም።» ሥዕሉ ቀላል ይሁን። ዓሣዋ ብቻ፣ መስታወትና ውሃ።

ኮሪደሩን ጠይቀሽ ነበር። የመጻሕፍት መደርደሪያ ገብቶበታል፤ ባዶ አይደለም።

አንድ ማስተካከያ አለ። እስከ ዛሬ የባለ ባርኔጣው ሰውዬ ቁመት 174 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ነው የተሣለው። ከእንግዲህ 168 ነው። በሁሉም ገጽ እንዲስተካከል። ቀጭኔውንም፣ ዝሆኑንም፣ ዓሣ ነባሪውንም ይመለከታል።

አዘጋጁ

---

ኅዳር 20

ለአዘጋጁ፤

ሰጎኑን አስተካክያለሁ። አሁን የሚያለቅስ ይመስላል፤ ደስ ይበልዎት።

ስለ ቁመቱ ግን ምን ማለትዎ ነው? ሰው እንዴት ስድስት ሴንቲ ሜትር ይጠፋበታል? ቁልፍ ነው እንዴ? ማን ለካዎት? ያን ጊዜ የለካችዎት እናቴ ነበረች። መዝገበ ቃላቱን አናትዎ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች፤ እኔ ሜትሩን ከታች ያዝሁ። አሁን መዝገበ ቃላቱን ማን ያዘልዎት?

ደግሞ ይታይዎት እስኪ፦ ሠላሳ ሜትሩን ዓሣ ነባሪ አሥር ጊዜ አሳንሰን ሦስት ሜትር እናደርገዋለን። የእርስዎ ስድስት ሴንቲ በዚያ ገጽ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው። የእርሳሴ ውፍረት ማለት ነው! የትኛው ልጅ ነው ማስመሪያ ይዞ የሚመጣብን?

ባለ ባርኔጣው 174 ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማውቀው፤ እንደዚያ ነው የምሥለው። ዝሆኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ይለኩት፤ 174 ነው።

ሠዓሊዋ

---

ታኅሣሥ 2

ለሠዓሊዋ፤

የትኛው ልጅ ነው ማስመሪያ ይዞ የሚመጣው ትያለሽ። አንቺ መጣሽ። በሰባት ዓመትሽ ከአንድ የተገዛ መጽሐፍ ላይ የድመቱን ጭራ ለክተሽ «አባባ፣ ይህ ድመት ውሸት ነው» አልሽኝ። ያን ቀን ነው ራሳችን መጽሐፍ እንሥራ ያልሁት። ስድስት ሚሊ ሜትር ውሸትም ውሸት ነው።

ማርጀት ነውር አይደለም፤ እውነት ነው፤ ለጥራዙም ጽፌዋለሁ። ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ በየአሥር ዓመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። በቀን ውስጥም ቢሆን ቁመታችን አንድ አይደለም። ጠዋት ስንነሣ ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንረዝማለን፤ ቀኑን ሙሉ ስንቆም አከርካሪያችን ይጨመቃል፣ ስንተኛ መልሶ ይላቀቃል። እኔ የተለካሁት በጠዋት ነው። ስለዚህ 168 የሚለው እንኳ ቸርነት ያለበት ቁጥር ነው።

የለካችኝ ሴት በልኬት አትቀልድም። «አባባ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁ» አለችኝ። ባርኔጣው እንደማይቆጠር ላስረዳት ጀመርሁ።

«እኔ ጋ ጫማም አይቆጠርም፣ ባርኔጣም አይቆጠርም። በባዶ እግርዎ ሚዛኑ ላይ ይውጡ።»

ወደድኋት። ደንብ ያላት ሰው ናት።

ዝሆኑ ደርሷል። እግሮቹ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን በአራት ቁራጭ ወረቀት ነው የመጣው፤ መጋጠሚያው በየስንዝር ተኩሉ ነው። ለምን በአንድ ወረቀት አልሠራሽውም?

አዘጋጁ

---

ታኅሣሥ 15

አባባ፤

ዛሬ የሥራ ደብዳቤ አይደለም።

በአሥር ዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ብለዋል። እኛ የለካንዎት የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ሁለት ሴንቲ ልተውልዎት። ከፈለጉ ሦስትም ይሁን። የቀረው የት ሄደ?

በጠዋት፣ በባዶ እግር፣ ሚዛን ላይ የምታቆም፣ ደንብ ያላት ሴት ማን ናት? ልብስ ሰፊ ሚዛን የላትም። ነርስ ናት። ሆስፒታል ገብተው ነበር፤ ምናልባትም አሁን የሚጽፉልኝ ከዚያው ነው። ሠላሳ ሜትር የሚሆነውን ዓሣ ነባሪ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይቀር ይነግሩኛል፤ ራስዎን ግን ከሰጎኑ ዓይን ኋላ ይደብቁኛል!

ምን ሆነው ነው? መልስዎን እስካገኝ ድረስ እርሳስ አላነሣም። ቸኩሌም ቢያለቅስ፣ ሰጎኑም ቢስቅ።

ልጅዎ

---

ታኅሣሥ 27

ለሠዓሊዋ፤

መሰላሉ አርጅቶ ነበር። የሁለተኛውን መጽሐፍ ማረሚያ ቅጂ ከላይኛው መደርደሪያ ላወርድ ስወጣ አንዱ መወጣጫ ከዳኝ። በጀርባዬ ወደቅሁ። አከርካሪዬ ላይ ሁለት አጥንቶች ተደርምሰዋል። የዚያ ልክ ነው የጎደለብሽ፤ ስሌትሽ ትክክል ነው። ተኝቼ ነበር፣ አሁን ቤቴ ነኝ። ጎረቤታችን፣ ያቺ ልብስ ሰፊዋ፣ ጠዋትና ማታ እየመጣች ትቆጣኛለች። እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ከዚህም ላጥር እንደምችል ነግሮኛል፤ መቼና ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቀው «እሱን አላውቅም» አለኝ። አለማወቁን በማመኑ አከበርሁት።

ስለ እኔ ይህ ይበቃል። አሁን ወደ አንቺ እንምጣ።

ዝሆኑን በአጉሊ መነጽር አየሁት። በየመጋጠሚያው መስመሩ በጣም ትንሽ ይሰበራል። አራቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘርግተው አልተሣሉም ማለት ነው። አንዱ ሲያልቅ ተነሥቶ፣ ሌላው በቦታው ተቀምጦ ነው የተሠራው። ወረቀቱን ለካሁት። ጠረጴዛሽ ከተማሪ ዴስክ አይበልጥም። ዝሆኑን ስትሥዪ ራቅ ብለሽ ማየት የቻልሽም አይመስለኝም፤ የኋላ እግሩ ከፊት እግሩ በጥቂቱ ቀጥኗል። ወንበርሽን ወደ ኋላ ስትገፊ ግድግዳ ይነካል። ጥላዎቹም ሁሉ በአንድ ጎን ብቻ ናቸው፤ ብርሃንሽ የአንድ አምፖል ነው።

ሰፊ ቤት ያለው ሰው ዝሆን በቁርጥራጭ አይሥልም።

ስለ ቤቱም ስለ ሰውዬውም የጻፍሽልኝን ከመዝገቤ ሰርዤዋለሁ፤ ያልተረጋገጠ ነው። እውነቱን ስትልኪ አስገባዋለሁ።

አዘጋጁ

---

ጥር 14

አባባ፤

ነርሷ ደግ አድርጋ ነው የተቆጣችዎት። ልብስ ሰፊዋንም እጅዋን ይሳሙልኝ፤ እንቢ ካሉ እኔ እጽፍላታለሁ።

እውነቱን ልላክ። ክፍሉ አንድ ነው፣ ከጫማ ሱቅ በላይ ነው። ወንበሩ ግድግዳ ይነካል። አምፖሉም አንድ ነው። እንዴት ከዝሆን ጥላ ይህን ሁሉ አወጡ? እንደ እርስዎ ካለ ሰው ጋር እየኖሩ ምንም መደበቅ አይቻልም። ዘጠኝ ዓመት ከርቀት ስኖርም ለካ አይቻልም። ቀን ቀን የሱቅ ሰሌዳ እጽፋለሁ። «ጫማ እንጠግናለን»፣ «ዛሬ ቅናሽ»። ሰሌዳ ላይ ቅናሽ ስጽፍ ባለሱቁን «በእርግጥ ቀንሷል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሰውዬው እብድ ነሽ ይለኛል። የማን ልጅ እንደሆንሁ አያውቅም።

እርሱ ከሄደ ቆይቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልቆየም እንጂ። ሳልነግርዎት የቀረሁት ስላፈርሁ ነው። ያኔ «እወደዋለሁ» ብዬ ፊትዎ ስቆም «በምን ለካሽው?» አሉኝ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁሉ መልሱን ስፈልግ ነበር፣ ተመልሼ መጥቼ ልነግርዎት። ዛሬም አላገኘሁትም።

ቀጭኔውን ልኬያለሁ። አንገቱ ውስጥ ያሉት አጥንቶች ሰባት ናቸው፣ እንደ እኛ፤ ይቁጠሯቸው። ባለ ባርኔጣውን 168 አድርጌዋለሁ። እጄ እንቢ እያለኝ። አጥሮ ብቻውን ከቀጭኔው እግር ሥር ሲቆም ግን ማየት አልቻልሁም። አጠገቡ አንዲት ሴት ሥያለሁ። ደንብ እንደሚጥስ አውቃለሁ።

ዓሣ ነባሪው ግን እዚህ አይሣልም። ወረቀቱን ስዘረጋው ጭራው በመስኮት ይወጣል። በቁርጥራጭ እንዳልሠራው ደግሞ እርስዎ ያውቁብኛል። ምን ላድርግ?

ልምጣ ብዬ አልጠይቅም። ስሄድ «ሂጂ» አላሉኝም፤ እውነት ነው። «ነይ» ግን ብለውኝ አያውቁም። ያልተባልሁትን ደግሞ እንደተባለ አድርጌ መጻፍ አላስተማሩኝም።

ልጅዎ

---

ጥር 28

ልጄ፤

ቀጭኔው ደርሷል። አጥንቶቹ ሰባት ናቸው። ገጹን ግን አላጸደቅሁትም፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ሁለት ሰው አንድ ቀጭኔ አጠገብ አይቆምም ማለቴ አይደለም። ለረጅም ጊዜ አስቤበት ሊቆም ይችላል ብያለሁ። ቸኩሌም ሥዕሉን አይቶ፣ «አባባ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት? ባለ ባርኔጣው አገባ እንዴ?» አለ። «ልጁ ናት» አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ቆሞ አየኝ።

ችግሩ ሌላ ነው። የሴቲቱ ቁመት ከየት መጣ? 163 አድርገሽ ሥለሻታል። ያ ከመሄድሽ በፊት ኮሪደሩ ላይ የለካሁሽ ነው። ከዚያ ወዲህ አልለካሁሽም። ያልለካሁትን አላሳትምም፤ ስድስት መጽሐፍ ሙሉ አላደረግሁትም፣ በሰባተኛውም አልጀምርም።

ለጥራዙ አንድ አዲስ እውነት ጨምሬያለሁ። ወደ ጠፈር የሄደ ሰው ቁመቱ ይጨምራል፤ የሚጫነው ክብደት ስለሌለ አከርካሪው ይላቀቃል። እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር የጨመሩ አሉ። ወደ ምድር ሲመለሱ ግን ወደ ልካቸው ይመለሳሉ። ራቅ ብሎ የሄደ ሰው ልኩ የሚታወቀው ሲመለስ ነው። ይህን ገጽ አንቺ ነሽ የምትሥዪው።

«በምን ለካሽው» ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ጥያቄዬን አላነሣም፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ከደብዳቤሽ በኋላ ግን መልሱን ራሴ ፈለግሁ፣ የአንቺን ሳይሆን የራሴን፤ እኔስ ልጄን በምን ለካኋት ብዬ። ስድስቱንም መጻሕፍት አገላበጥሁ፣ ከዓሣ ነባሪ ልብ እስከ ንብ ክንፍ። የለም። ስላላገኘሁት አልጽፈውም። አለ ግን።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። መደርደሪያዎቹን የልብስ ሰፊዋ ወንድሞች አወጡልኝ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዘዝኋቸው፤ ልብስ ሰፊዋም «ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ አንዱ እንኳ ለሰው እሺ ማለትን አያስተምርም?» ብላ ተቆጣችኝ። ከመደርደሪያው ኋላ እናትሽ ያደረገችው የእርሳስ ምልክት ወጣ። ግድግዳው ደህና ነው፣ ምልክቱም አልጠፋም። ሥሩ ቆምሁ። ከአናቴ በላይ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት።

ወረቀቱ ተገዝቷል፣ በአንድ ጥቅል፣ ሳይቆረጥ። በጉልበቴ መዳህ አልችልም፤ ስለዚህ ጭራውንም ራሱንም የምትሥዪው አንቺ ነሽ። እኔ ወንበሬን ሆዱ ዘንድ አድርጌ እቆጥራለሁ።

እንግዲህ ያልተባለ ነገር እንዳይኖር በጽሑፍ ይኸው፦ ነይ።

ሁለት አውቶቡስ አለ። አንዱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ መንገዱ ይቀልላል ይላሉ። ሌላው ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ያደርሳል። በጠዋቱ ነይ። ከሰዓት በኋላ እኔ አንድ ሴንቲ ሜትር እቀንሳለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ያላየሽኝ ሰው አጥሬ እንድታገኚኝ አልፈልግም።

በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

አባትሽ